የደብራችን የማስፋፊያና የእድሳት ሥራ፦ ከምእመናን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፣ በጽዋ ማኅበራት፣ አንዳንዴም በለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። መልሱ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተለወጠ፣ በከተማችን በድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር ተነሥቶ ከዚራ ሰፈር እስኪደርስ ሌላ ነገር እየሆነ ስላስቸገረን በጽሑፍ ማስፈር ግድ ሆኗል። ክርክር የበዛባቸውን ጉዳዮች በሰፊው፣ ቀላል የሆኑትን በአጭሩ መልሰናል።

አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ ለምን በአዲስ አይተካም?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ኮሚቴው ራሱም ለብዙ ሳምንታት የተከራከረበት ነው። ይፍረስ ያሉት ወገኖች ለአሮጌው ሕንፃ ፍቅር አጥተው ሳይሆን፣ ግድግዳው ከሥር እየተላጠ፣ በሰሜኑ ማዕዘን በኩልም እየተሰነጠቀ መምጣቱን አይተው ነው። አማካሪው መሐንዲስ ግድግዳውን በየቦታው አስከፍቶ ከመረመረ በኋላ የነገረን ግን ድንጋዩም ሆነ ድንጋዩን የያዘው ኖራ ጤነኛ መሆኑን፣ ጉዳቱ ያለው ውኃ በደረሰበት ቦታ ብቻ መሆኑን ነው። በሰሜን በኩል አሸንዳው ከተሰበረ ብዙ ክረምት አልፏል፤ ውኃው በቀጥታ ወደ መሠረቱ ሲወርድ ኖሯል።

ሁለተኛው የጉዳት ምንጭ ደግሞ እኛው በቅን ልቡና የሠራነው ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለባት ከተማ ልጆች በመሆናችን ይመስላል፣ የታመመ ግድግዳ ሁሉ ሲሚንቶ ሲቀባ የሚድን ይመስለናል። በኖራ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ በኩል እያስተነፈሰ ይኖራል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን መውጫ ያጣው እርጥበት ወደ ላይ ይወጣል፣ የያዘውን ጨው በልስኑ ጀርባ ያከማቻል፣ በመጨረሻም ልስኑን ገፍትሮ ይጥለዋል። በሴቶች መግቢያ በኩል እጅ ሲነካው እንደ ዱቄት የሚረግፈው ነጭ ነገር ይኸው ጨው ነው። መፍትሔው የሲሚንቶውን ልስን አንሥቶ ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅና በኖራ መልሶ መለሰን ነው። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ወጪው ግን አፍርሶ ከመሥራት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። በምዕራቡ በር ላይ ግንቡን የተሸከመው ብረት ጌጥ የሚመስላቸው አሉ። ጌጥ አይደለም፤ የአሮጌ ባቡር ሐዲድ ነው። በምድር ባቡር የሠሩ አባቶቻችን ለወጋግራ ያበረከቱት ሲሆን እስከ ዛሬ አልጎበጠም። ይህችን ከተማ በ1890ዎቹ ዓመታት የወለዳት ባቡር ስለ ሆነ፣ ያንን ብረት ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ መሸጥ ለኮሚቴው አባላት አልተዋጠላቸውም።

የሥራው ቅደም ተከተል ምን ይመስላል? ጉልላቱስ ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ?

መጀመሪያ የሚሠራው ጣራው፣ አሸንዳውና የግቢው የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። ቀጥሎ የአሮጌው ግድግዳና መሠረት ጥገና፣ ከዚያ የማስፋፊያው ግንባታ፣ ከዚያም የወለል፣ የመብራትና የድምፅ ሥራ ይከተላሉ። ጉልላቱና የግቢው በር ማስዋብ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ይህ ቅደም ተከተል ብዙዎችን እንዳላስደሰተ እናውቃለን። ለጉልላት የሚሳል ምእመን ሞልቷል፤ ለአሸንዳ የተሳለ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት፦ በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 5 በርሜል ውኃ ይሆናል። የድሬዳዋ ዝናብ ደግሞ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት ቢሆንም ሲመጣ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ነው። ያ ሁሉ ውኃ በተሰበረ አሸንዳ አንድ ማዕዘን ላይ ሲፈስ የትኛውንም መሠረት ያላላል።

በጎርፍ ጉዳይ ለዚህ ከተማ ሰው ምክር መስጠት አያስፈልግም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት ሐዘን ከማናችንም ልብ አልወጣም። በዚህ ከተማ ጎርፍ የሚመጣው ከራሳችን ሰማይ ብቻ አይደለም፤ በላይ በደጋው ሲዘንብ ደረቁ አሸዋ በድንገት ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱ ወለል ከግቢው መሬት ከፍ ብሎ እንዲሠራ፣ የላይኛው የግቢ አጥርም ውኃ ገድቦ የሚያከማች ሳይሆን በተዘጋጀለት ቦይ የሚያሳልፍ እንዲሆን በንድፉ ላይ ተወስኗል።

ማስፋፊያው በየት በኩል ነው? በአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ወጪ አይቀንስም ነበር?

መቅደሱ በምሥራቅ ባለበት ይጸናል፤ አይነካም። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤተ ልሔምም በቦታው ይቆያል። ማስፋፊያው ቅኔ ማኅሌቱን ወደ ምዕራብ የሚያስረዝምና በሰሜንና በደቡብ በኩል እኩል ክንፍ የሚያወጣ ነው። ባዶ ቦታ በብዛት ያለው በደቡብ በኩል ስለ ሆነ በዚያ ብቻ ቢሠራ ይረክስ እንደ ነበር እውነት ነው። ነገር ግን ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በሚቆሙበት ሥርዓታችን አንዱን ወገን ብቻ ማስፋት ሌላውን እንደ ተጨናነቀ መተው ይሆናል፤ ሊቃውንቱም ለማኅሌት ሲቆሙ የመቅደሱ በር ከመሐላቸው ፈቀቅ ያለ ይመስላል። የደብሩ መሪጌታ ንድፉን አይተው «ከበሮው ከግድግዳ ጋር እንዳይጣላ» ብለው ያሳሰቡትም ተጨምሮ፣ በወረብ ጊዜ ሊቃውንቱ እንደ ልብ የሚወዛወዙበት ቦታ እንዲሰፋ ተደርጓል።

አዲሱና አሮጌው ሕንፃ ከውስጥ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ እንጂ በአካል አይጣበቁም። አሮጌው የድንጋይ ግንብ ነው፤ አዲሱ በፌሮና በአርማታ የሚቆም ነው። ሁለቱ የሚሰጥሙበት መጠንም፣ ምድር ሲናወጥ የሚንቀሳቀሱበት ሁኔታም የተለያየ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ በተደጋገመ ጊዜ «የኛ ቤተ ክርስቲያን ይችለው ይሆን?» የሚል ጥያቄ በርትቶ ነበር። ከተማችንም ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የማትርቅ ስለ ሆነች ጥያቄው ተገቢ ነው። በመሆኑም በሁለቱ መካከል መሐንዲሱ በሒሳብ ያወጣው ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ በሚለጠጥ ክዳን ይሸፈናል። አንዳንድ ግንበኛ «ለምን በፌሮ አናስረውም፣ ይጠነክራል» ሊላችሁ ይችላል። አይጠነክርም፤ አንዱ ሲወዛወዝ ሌላውን ይዞት እንዲወድቅ ያደርገዋል።

የግንባታ ፈቃድ ተገኝቷል?

የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ በጽሑፍ ተሰጥቷል። የይዞታ ማረጋገጫው፣ የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ንድፉ እንዲሁም የአፈር ምርመራው ውጤት ለከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ክፍል ቀርበው በሒደት ላይ ናቸው። ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሕንፃ እንደ መኖሪያ ቤት በቀላሉ አይታይም፤ ንድፉን የሚሠራውም ሆነ ሥራውን የሚቆጣጠረው ባለሙያ በደረጃው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ፈቃዱ ሳይወጣ አንድ አካፋ አፈር እንደማይነሣ ኮሚቴው ወስኗል። «ቤተ ክርስቲያንን ማን ያፈርሳል» ተብሎ የተጀመረ ሥራ እንዲቆም ሲታዘዝ ውርደቱ ለሁላችንም ነው።

ሐረር ያሉ ዘመዶቻችን ለጥገና የቅርስ ፈቃድ ተጠይቀዋል። እኛንስ ይመለከተናል?

በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጁገል ከነአምስቱ በሮቹ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ በግንቡ ውስጥ የሚደረግ ጥገናና ግንባታ ተጨማሪ ጥንቃቄና ፈቃድ አለበት። የእኛ ሕንፃ በቅርስነት አልተመዘገበም። ሆኖም በዕቃ ቤታችን ያሉት የብራና መጻሕፍትና መስቀሎች እንደ ሕንፃው አይታዩም፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ ቅርሶችንም ይመለከታል። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ ከመታደሱ በፊት እያንዳንዱ ንዋየ ቅድሳት ፎቶ ተነሥቶ፣ ተለክቶ፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ በሦስት ሰዎች ፊርማ ይቆለፍበታል።

በሥራው ወቅት ታቦቱ የት ይቆያል? አገልግሎትስ ይቋረጣል?

አገልግሎት ለአንድ ቀንም አይቋረጥም። ጣራውና አሸንዳው በሚሠሩበት ጊዜ ቅዳሴው ባለበት ይቀጥላል። የውስጥ ሥራ ሲጀመር ግን በግቢው በስተ ሰሜን መቃኞ (ጊዜያዊ መቅደስ) ይሠራና ታቦቱ በካህናት አገልግሎት ወደዚያ ይዛወራል። ቀኑ ቀደም ብሎ በዐውደ ምሕረት ይነገራል። ሥራው ሲጠናቀቅ ብፁዕ አባታችን ሕንፃውን በሜሮን አክብረው ቅዳሴ ቤቱ ይከበራል።

መቃኞው ከቆርቆሮ ብቻ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ በቆርቆሮ ሥር ሦስት ሰዓት የሚቆም ካህንና ጾመኛ ምን እንደሚሆን ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ጣራው ከሥሩ ወፍራም ኮርኒስ እንዲኖረው፣ ጎንና ጎኑም ከወገብ በላይ ክፍት እንዲሆን ተስማምተናል። በግቢው ያሉት የኒም ዛፎችም አይቆረጡም፤ ከመቃኞው የሚተርፈው ምእመን የሚጠለለው በእነርሱ ጥላ ሥር ነው።

የሥራ ሰዓቱን በተመለከተ፣ በአዘቦት ቀን የጠዋቱ ኪዳን ሳይፈጸም ማሽን አይነሣም። በዐቢይ ጾም ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከ5 ሰዓት በፊት ይቆማል። ይህ ለግንበኞቹም ይስማማቸዋል፤ የድሬን ፀሐይ በእኩለ ቀን ተሸክሞ ብሎኬት መደርደር የሚፈልግ የለም። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ደግሞ ወደ ቁልቢ የሚሄዱ ምእመናን በግቢያችን ስለሚያርፉ በእነዚያ ሰሞን ሥራ የለም፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለም ይሸፈናል።

የቤተሰቤ መቃብር በማስፋፊያው መስመር ላይ ይወድቃል። ምን ይደረጋል?

በምዕራብ በኩል ጥቂት መቃብሮች ይነካሉ። ቤተሰብ ሳያውቅና ሳይገኝ አንድም መቃብር አይከፈትም። አጽሙ የሚፈልሰው ካህናት በተገኙበት ጸሎት ተደርጎ ሲሆን፣ ማረፊያውም በደቡብ አጥር በኩል በደብሩ ወጪ የሚሠራው ፉካ (በግንብ ውስጥ የሚሠራ የአጽም ማረፊያ) ነው። በዝርዝሩ ላይ የዘመድዎን ስም ካገኙ እባክዎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይምጡ። ከተማ ለቀው የሄዱ ቤተሰቦችን የሚያውቁ ቢጠቁሙን ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

ሥዕሎቹ በአዲስ ይሣላሉ?

አይሣሉም። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች በሸራ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው፤ ጠርዛቸው የለቀቀውም ሙጫው ስለ ደረቀ ነው። በባለሙያ ይጸዳሉ፣ ይጣበቃሉ። «ፊታቸውን ላድስ» የሚል ሠዓሊ በበጎ ፈቃድ ቢመጣም አንፈቅድም፤ በደማቅ ቀለም ከተደረበ በኋላ የቀድሞውን እጅ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

አዲሱ ክፍል ሙቀቱን እንዴት ይቋቋማል?

በጾም ወቅት ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ማየት ስለ ለመድን ነገሩ የማይቀር አድርገን ወስደነዋል፤ ግን በንድፍ የሚስተካከል ነው። በጣራው ሥር ትንንሽ መስኮቶች በሁለቱም ጎን ትይዩ ሆነው ይወጣሉ፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በእነርሱ ይሄዳል፣ በታች ባሉት በሮች ነፋስ ይገባል። ጣራው ነጭ ቀለም ይቀባል። የጣራ ቬንቲሌተር ይኖራል፤ መብራት ሲጠፋ ግን የሚያገለግሉት መስኮቶቹ ናቸው፤ ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥር የሚቀነሰው ቬንቲሌተሩ ነው።

በዊልቸር ለሚመጡና ደረጃ መውጣት ለሚከብዳቸው ምን ታስቧል?

ወለሉ ከመሬት በግማሽ ሜትር ከፍ ስለሚል በሰሜንና በደቡብ በሮች ተዳፋት መወጣጫ ይሠራል። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት የሚለውን ልክ ስለ ተከተልን እያንዳንዱ መወጣጫ 6 ሜትር ይሆናል። «ረዘመ፣ ቦታ በላ» የሚሉ አሉ፤ ያጠረ እንደ ሆነ ግን ሽቅብ ለመግፋት ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል።

ገንዘብ እንዴት ነው የምሰጠው? በመንገድ ላይ በጃንጥላ የሚለምኑት ከእናንተ የተላኩ ናቸው?

አይደሉም። ይህ ኮሚቴ ጃንጥላና ሥዕል ይዞ በመንገድ ዳር የሚለምን ሰው አልላከም፤ አይልክምም። ገንዘብ የሚሰጠው ለሕንፃው በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ወይም በደብሩ ጽሕፈት ቤት ሕጋዊ ደረሰኝ በመቀበል ብቻ ነው። ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፈራሚዎች ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ካህን፣ አንዱ ከምእመናን፣ አንዱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው። የየወሩ ገቢና ወጪ በዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለስእለት የገባ ወርቅና ጌጥ በጨረታ ሲሸጥ ዋጋው በዚያው ይገለጻል። ከሌላ እምነት የሆኑ ጎረቤቶቻችን ለሚያደርጉት እርዳታም ደረሰኙ ያው ነው፤ በድሬ ይህ አዲስ ነገር ስላልሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በገንዘብ ፈንታ ሲሚንቶ ባመጣስ?

እባክዎ አስቀድመው ይንገሩን። ከዓመታት በፊት ለአጥር ሥራ ምእመናን በፍቅር ያመጡትን ሲሚንቶ በዕቃ ማስቀመጫው ወለል ላይ ደርድረን፣ ጣራው እንደሚያፈስ እያወቅን ክረምቱን አሳለፍነው። በመስከረም ስንከፍተው ከታች ያለው ሁለት ረድፍ ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከረጢቱን ስንልጠው የከረጢቱ ቅርጽ በላዩ ታትሞ ቀርቷል፤ ከድንጋዮቹ አንዱ ዛሬም በዘበኛው ቤት ደጃፍ መቀመጫ ነው። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነበር። ሲሚንቶ በደንብ ቢቀመጥም ከሦስት ወር በላይ ማቆየት አይመከርም። ስለዚህ አሁን የምንቀበለው የቃል ኪዳን ቅጽ ነው፤ በቅጹ ላይ የሞሉትን ሲሚንቶ ሥራው በደረሰበት ሳምንት እንዲያስረክቡ እንደውላለን።

ፌሮ ግን ሌላ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ የመግዛት አቅሙ እንዳይወድቅ የሚሰጉ ወገኖች ልክ ናቸው፤ ለዚህም ከመሬት ከፍ ብሎና ተሸፍኖ ሊቆይ የሚችለውን ፌሮ ቀድመን እየገዛን ነው።

አሸዋ ለማምጣት ቃል የገቡ የመኪና ባለቤቶችም አሉ። ከደረቅ ወንዝ የሚጫን አሸዋ ደለል ሊበዛበት ስለሚችል እያንዳንዱ ጭነት ከመራገፉ በፊት ይፈተናል። ፈተናው ማንም የሚሠራው ነው፦ በሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ሲሶው አሸዋ ይጨመራል፣ ውኃና ጥቂት ጨው ተጨምሮ በኃይል ይናጣል፣ ከዚያ ሳይነካ ይቀመጣል። አሸዋው ከታች ሲረጋ ደለሉ በላዩ እንደ ቡና አተላ ይተኛል። ያ ንብርብር ወፍራም ከሆነ መኪናው ይመለሳል፤ ባለመኪናው እንዳይቀየመን ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ገንዘብ የለኝም፤ በጉልበቴ ልርዳ?

እጅግ ደስ ይለናል። በጣም የሚያስፈልገን አርማታ ከተሞላ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። በዚህ ሙቀት አርማታ ቶሎ ስለሚደርቅ የሚሞላው በንጋት ነው፤ ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀናት በጆንያ ተሸፍኖ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውኃ መጠጣት አለበት። ቀን ሠራተኛ ከሄደ በኋላ ማታ ባልዲ የሚያነሣ ሰው ካልተገኘ የተሞላው ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ) ይሰነጠቃል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ተራ አውጥተዋል፤ እናቶችም የቀትሩን ተራ እንውሰድ ብለዋል። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሥራ ግን ለባለሙያ ብቻ የተተወ ነው፤ የራስ ቆብ ያላደረገ ሰው ምንም ያህል ቢለምን ወደ ሥራው ቦታ አይገባም።

መቼ ያልቃል?

የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም የጣራው፣ የአሸንዳውና የቦዩ ሥራ፣ ፈቃዱ እንደ ወጣ ተጀምሮ ከመጪው ክረምት በፊት እንዲያልቅ ገንዘቡ በእጃችን አለ። ለማስፋፊያው ቀን አንቆርጥም። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚጀመረው ለዚያ ምዕራፍ የሚበቃው ገንዘብ ሲሟላ ብቻ ነው፤ ተጀምሮ ፌሮው ዝጎ፣ ኮለኑ ራቁቱን ቆሞ የሚታይ ሕንፃ እንዳይሆንብን ነው። የምዕራፎቹ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል፤ ቁጭ ብሎ ማንበብና መጠየቅ ለሚፈልግ ሁሉ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት የኮሚቴ አባላት በዚያ ይጠብቃሉ።